ሁለተኛው ጎመን

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ከሱቁ

ይድረስ ለልጄ ለቀጮ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ያቺ በፎቶ ብቻ የማውቃት ልጅህስ? እኔ ደህና ነኝ። ፊደሉ ቢንጋደድብህ አትፍረድብኝ፤ የሱቁ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጥሮ ይነቃነቃል። ካርቶን አጥፌ ከሥሩ ብወትፍም እንቢ ብሏል።

የምጽፍልህ ዐሥር ወር ዘግይቼ ነው። ባለፈው ሚያዝያ አክስትህ ወደ ሱቅ መጥታ "ልጅህ አንድ ነገር ይፈልጋል" አለችኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ከአንተ የመጣ የመጀመሪያው ቃል ስለሆነ ተቀመጥኩ። ከስልኳ አነበበችልኝ፦ "የድሮውን የእጅ ጌሜንና ካሴቱን አባዬ ካልጣለው ይላክልኝ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ጎመንን ላሳያት ቃል ገብቼላታለሁ።" ይኸው ነው። "አባዬ ካልጣለው" የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስነበብኳት።

አልጣልኩትም። የፊውዞቹ መሳቢያ ውስጥ፣ ከማስታወሻ ደብተርህ ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ባትሪ ገዝቼ አበራሁት። ጎመን፣ ጌሙ ውስጥ ስታሳድገው የነበረው አውሬ፣ አለ። እኔ የማውቀው በትከሻህ ላይ አሻግሬ ሳየው፣ አውራ ጣት የሚያህል አረንጓዴ እንሽላሊት፣ ጭራው ጫፍ ላይ ያልፈነዳ እምቡጥ ያለው ሆኖ ነው። "ምን ብዬ ልሰይመው?" ብለህ ስትጨቀጭቅ እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፊቷን እንኳ ሳትመልስ "ጎመን በጤና" አለችህ። ጎመን ሆኖ ቀረ። አሁን ሳየው እምቡጡ ተከፍቶ ጃንጥላ የሚያክል ቅጠል ሆኗል፤ ሲራመድ ከኋላው ጥላ ይጥላል። ደረጃ 61። እዚያ ማድረስህን አላውቅም ነበር።

ካሴቱ ሆድ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባትሪ አለች። ማሽኑ ሲጠፋ ጎመንን የምታስታውሰው እሷ ናት። እሷ ከሞተች እሱም የለም። በቴስተር ለካኋት። ሦስት ቮልት መሆን ሲገባት ሁለት ነጥብ አንድ ሆናለች። መንገድ ላይ ብትሞትስ? ለልጅህ ባዶ ካሴት ከፍተህ ልታሳያት ነው።

መላ አለው። ከውጭ በሌላ ባትሪ፣ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ኃይል እየሰጡ አሮጌዋን መንቀልና አዲሷን መበየድ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በልቼበታለሁ። ጎኔ ያለውን ሱቅ የተከራየች ልብስ ሰፊ አለች፤ አንተ አታውቃትም። አንገቷን በበሩ አስግጋ "ጋሼ፣ ለምን ለስልክ ጠጋኙ አይሰጡትም? እጁ እኮ ፈጣን ነው" አለችኝ። "ፈጣን እጅ ኪስ ለማውለቅ ነው የሚጠቅመው" አልኳት።

የመበየጃ ካውያውን አሞቅኩ። አሮጌዋን ነቀልኩ። አዲሷን ላስቀምጥ ስል ጠረጴዛው ተነቃነቀና አንደኛው ሽቦ ተላቀቀ። ዐይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ነው። ወዲያው መለስኩት። ብየዳው አምሯል፤ የቀለጠው ስታኞ እንደ ጤዛ ያበራል። ካሴቱን ገጥሜ ሳበራው ግን "ቀጥል" የሚለው ቃል የለም። "አዲስ ጨዋታ" ብቻ።

አጠፋሁት፣ አበራሁት። አወጣሁት፣ መለስኩት። እንዳንተ እፍ እንኳ አልኩበት፤ ስንቴ "ምራቅህ ያዝገዋል" ብዬ የጮህኩብህን። አዲስ ጨዋታ።

በዚያው ቀን እውነቱን መጻፍ ነበረብኝ። አልጻፍኩም። በአራት ዓመት አንድ ነገር ጠይቀኸኝ እሱኑ አጠፋሁት ብዬ እንዴት ልጀምር? ደብተርህን ከፈትኩ። ሁሉም ነገር ተጽፏል፤ የትኛው ዋሻ ውስጥ ምን እንዳለ፣ የትኛው ጠባቂ በምን እንደሚሸነፍ። "ወንዙን ከመሻገር በፊት ጎመን 24 ይድረስ። እሳት ከሚተፋ ጋር አይጋጠም፣ ይነዳል።" እኔም አልኩ፣ ሌላ ጎመን አሳድጋለሁ። ያው እንሽላሊት፣ ያው ስም፣ 61 ድረስ። ማን ያውቃል?

አየህ፣ ያሰብኩት ላታልልህ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ሬድዮ የሚያሠራ የለም። ባለፈው ወር ሱቁ የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የመጣው ስንት ሰዓት እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። ጠዋት ከፍቼ ወለሉን እጠርጋለሁ፣ ካውያውን ሰክቼ አሞቀዋለሁ፣ ሽታው ሲመጣ ሱቅ ሱቅ ይላል። ከዚያ ነቅዬው ጎመንን አወጣለሁ። ማታገል ልማድ ይጠይቃል። ቁልፎቹ ትንንሽ ስለሆኑ አንዳንዴ ሳልፈልግ ሁለቴ ይጫናሉ፤ በለው ስለው ይሸሻል፣ ሽሽ ስለው ይገባበታል። መጀመሪያ ላይ አንዲት ጥንዚዛ ሦስት ቀን ሙሉ ደብድባናለች።

ደብተርህ ላይ በየሁለት በየሦስት ገጹ፣ ዳር ላይ፣ "አባዬ ሲመጣ ድምፅ ይጥፋ" የሚል አለ። እኔም እንደ መመሪያ ቆጥሬው ድምፁን አጥፍቼ ነበር የምጫወተው። አንድ ቀን ግን የሚመጣ አባት እንደሌለ ትዝ አለኝና ከፍ አደረግኩት። ለካ ጎመን ድምፅ አለው። ዘይት እንደጠማው ማጠፊያ ነው የሚጮኸው። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ሰምቼው አላውቅም።

ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ከች አለች።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?"

"እንሽላሊት ነው።"

"ኧረ! እኔ እኮ አይጥ መስሎኝ ወጥመድ ልገዛ ነበር።" ጎንበስ ብላ አየችው። "ስንት ደረሰ?"

"ዐሥራ ዘጠኝ።"

"በሁለት ወር? የሰነፍ ልጅ!"

"ጥንዚዛ መትታን ነው።"

ከዚያ በኋላ ሱቅ ስትከፍት ሰላምታዋ ይህ ሆነ፦ "ደህና አደሩ? እንሽላሊቱስ ምን ደረሰ?" እምቡጡ የተከፈተ ቀን እኔው ነኝ የጠራኋት። መለኪያውን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሮጣ መጣች። ቆመን አየን። ቅጠሉ ተዘረጋ፣ ጎመን አንድ ጊዜ ጮኸ፣ አለቀ። "ልጅዎንም እንዲህ ተቀምጠው አይተውት ቢሆን..." ብላ ጀመረችና ተወችው። "መኪናዬን ሳላጠፋ መጣሁ" ብላ ሄደች። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ግን አይሰማም ነበር።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ 61 ገባን። ደብዳቤ ጻፍኩልህ። "ባትሪዋን ቀይሬልሃለሁ፤ ጎመን ደህና ነው" ይላል፣ ሁለት መስመር። አሸግኩት። ደብተሩን አብሬ ልጠቀልል ስል የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች ተጣብቀው ኖሯል፤ በምላጭ አላቀቅኳቸው። እንዲህ ይላል፦

"ጎመን። ጠባይ፦ ድንጉጥ። ስለዚህ ይፈጥናል እንጂ አይበረታም። ጠባይ ከእንቁላል ሲወጣ ይሰጣል፣ አይቀየርም። እኔን ይመስላል።"

ለካ ጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ አውሬ ከስሙ ሥር ጠባዩ ተጽፎለታል። ስምንት ወር ሳሳድገው ልብ ብዬ አላየሁትም። አብርቼ አየሁ። የእኔው "ግትር" ይላል። ከማን እንደወረሰው እንዳትጠይቀኝ።

ጥቂት ቀን ማሽኑን አላበራሁም። ስለ ጎመን ብቻ አይደለም። ድንጉጥ መሆንህን አላውቅም ነበር። ዝምተኛ ነህ ብዬ ነው የያዝኩህ።

መላው ግን አሁንም ነበር። አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው፤ ድንጉጥ እስኪፈለፈል ዐሥርም ሃያም ጊዜ። ከዚያ ሌላ ስምንት ወር። ጊዜ እንደሆነ አለኝ፤ ከእሱ በቀር ምን አለኝ። "አዲስ ጨዋታ" የሚለውን ተጫንኩ። "ያለው ይጠፋል፤ እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ። ያኛውን ሳላስበው አጠፋሁት። ይኼኛውን ግን አስቤ ማጥፋት አልሆነልኝም። ማሽኑን ዘጋሁ። ያሸግኩትን ደብዳቤም ቀደድኩት። ያለፈው አንድ ወር ተኩል ይህን ለመጻፍ ሲጀመርና ሲተው ነው የሄደው።

እንግዲህ የሚደርስህ ይህ ነው። ማሽኑ ስፖንጅ ውስጥ፣ ካሴቱ ለብቻው፣ ደብተርህም አለ። አዲሷ ባትሪ ሃያ ዓመት ትሄዳለች። ለልጅህ ምን እንደምትላት አንተ ታውቃለህ። ይኼኛው አይሮጥም፤ ቆሞ ይመታል፣ ሲመቱትም ቆሞ ነው። ከእሳት ጋርም ይጋጠማል፤ ስንቴ ከልክዬው። ካልፈለግከው "አዲስ ጨዋታ" የሚለውን ተጫን፣ አልቀየምህም። ከዚያ በፊት ግን ድምፁን ከፍ አድርገህ አንድ ጊዜ አስጩኸው። እሱ ከእሱ በፊት ሌላ ጎመን እንደነበረ አያውቅም።

አንድ ነገር ቀረኝ። የዛሬ አምስት ዓመት ግድም የመጣህ ጊዜ፣ የደንበኛ ሬድዮ ስበይድ አጠገቤ ቆመህ ዐየኸኝና "አባዬ፣ እጅህን ሐኪም ይየው" አልከኝ። "ካውያ ጨብጠህ የማታውቅ አንተ ስለ እጄ ልታስተምረኝ ነው?" አልኩህ። ከዚያ ቀጥሎ ያልኩህን ሁለታችንም እናስታውሰዋለን፤ ወረቀት ላይ አልደግመውም። በማግሥቱ ሄድክ።

ይህችን የመጨረሻ ገጽ የምጽፈው ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ነው። ከወረቀቱ ጋር ስታገል አይታ "እዚህ መጥተው ይጻፉ፣ የእኔ ጠረጴዛ አይነቃነቅም" አለችኝ። ብረት ነው። አራቱም እግሩ ከወለሉ ጋር በብሎን ታስሯል። ሞከርኩት፣ ንቅንቅ አይልም።

ፊደሉ ግን ያው ነው፤ አንተው እየው።

አድራሻውን እሷ ትጻፈው ብያለሁ፤ ሌላ አገር ሄዶ እንዳይቀር።

በል፣ በደህና ያቆያችሁ። ልጅህን በቁመቷም በጠባይዋም የምታውቃት አባት ያድርግህ። ቤትህ አባት ሲገባ ድምፅ የማይጠፋበት ቤት ይሁን።

አባትህ
ሬድዮ ሠሪው