መጀመሪያ ብዪ

ይድረስ ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ለሆነህ ለባለቤቴ ለግርማ።

ግርምሽ፣ እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበትን የሚያውቀው አንድዬ ነው። እኛ ደህና ነን። ይህን የምጽፍልህ እዚሁ ቬጋስ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ፣ አንተ በተከልከው ሮማን ሥር ተቀምጬ ነው። ሮማኑ ዘንድሮ አፈራ። አራት ይዞ ነበር፣ አንዱን ወፎች ቀደሙኝ። ሜሪላንድ ፓርክዌይ ያለውን ሱቅ እንደ አዲስ አደራጅቼዋለሁ። በርበሬና ሽሮውን ወደ ኋላ ገፍቼ ነጠላውንና የልጆች ልብሱን በመስኮቱ በኩል ሰቅያለሁ። አንተ ስንት ዓመት ሙሉ «ሰው መጀመሪያ የሚገባው በዓይኑ ነው» ስትለኝ እምቢ ያልኩህን አሁን ሠራሁበት። በሕይወት እያለህ ብሰማህ ኖሮ አንድ ወር ሙሉ ትኩራራብኝ ነበር።

ዛሬ የምነግርህ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጆችህ ባሕር ወሰዱኝ።

ማሂና ናሆም ተመካክረው፣ ሜክሲኮ ውስጥ ከከተማ ርቆ ጫካና ባሕር መካከል የተሠራ መዝናኛ ውስጥ አምስት ቀን ያዙልኝ። ገና በሩ ላይ እንደደረስን አንዲት ልጅ የማይፈታ አምባር በእጃችን ላይ አሰረችልንና መብሉም መጠጡም አልጋውም ተከፍሎበታል፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ አለችን። ናሆም ፈገግ አለ። እኔ አምባሩን አገላብጬ አየሁት። ሃያ ዓመት ካዚኖ ውስጥ ካርድ ስታከፋፍል ኖረህ ያስተማርከኝ ትዝ አለኝ፤ መጠጥ በነጻ የሚቀዳልህ ሰው ካንተ የሚፈልገውን ገና አልነገረህም። እንደምታውቀው ሳልጽፍ አልተኛምና የዚያን ቀን በደብተሬ ላይ «ባሕሩ ያምራል። ነገሩ አላማረኝም» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ለብቻችን ቁርስ ሊጋብዘን መጣ። አንድ ሰዓት ብቻ ቁጭ ብለን ስለሚሸጡት ክፍል እንድንሰማው ፈልጎ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ቬጋስ የሚኖር ሁሉ ከሩቅ ያውቀዋል። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሸኘሁትና፣ ጥርጣሬዬ መልስ ያገኘ መስሎኝ ልቤ ትንሽ አረፈ። የቀረው ጥርጣሬ ግን ከሰውዬው ጋር አልሄደም። የጠረጠርኩት ለካ ልጆቼን ነበር።

ልጆችህን ታውቃቸዋለህ። ማሂ ምግብ ስትበላ ዓይኗ ከስልኳ አይነቀልም። እዚያ ግን አጠገቤ ቁጭ ብላ ዓሣውን ከአጥንቱ ትለይልኛለች። ጠጋ ስል ሁለቱም ዝም ይላሉ። ምን ሆናችኋል ባልኩ ቁጥር «እማ፣ መጀመሪያ ብዪ» ይሉኛል። ስልኬን ፈልጌ ሳጣው ማሂ «ሴፍ ውስጥ ሎክ አደረግኩት፣ እማ። ሪላክስ አድርጊ፣ ፕሊስ» አለችኝ። ይህን ሁሉ ታግሼ አልፌው ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ግን የናሆም ስልክ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ስሙን አነበብኩት። ጋሽ ታደሰ ነው።

በቬጋስ መርዶ የሚነገረው በማን አፍ እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። የጋሽ ታደሰ መኪና በማለዳ በር ላይ ከቆመች ሰው ነጠላውን ገልብጦ ነው የሚከፍትላቸው። ስልክ መደበቅ፣ ማብላት፣ መተያየት፣ ከዚያ ጋሽ ታደሰ። እጄ ላይ የነበረውን ማንጎ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ደብረ ብርሃን ያለችው እህቴ ዘነበች ከክረምት ጀምሮ ኩላሊቷን ታማ ነበር። ሞታለች አልኩ። በቃ፣ አምስት ቀን አብልተው፣ ፀሐይ አሙቀው፣ ቤት ስንገባ ሊያረዱኝ ነው።

ግርምሽ፣ ይህን ያወቅኩት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ሥራው የእኔ ሥራ ስለሆነ ነው። አንተንም እንደዚሁ አድርጌሃለሁ። ዶክተሯ ኮሪደር ላይ ጠርታ ከጥቂት ወር አያልፍም ስትለኝ፣ እባክሽ ለእሱ አትንገሪው ብዬ ለመንኳት። ራሷን ነቀነቀች። እሺ ያለችኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሾርባ እየያዝኩ፣ ጨጓራ ነው ይሻልሃል እያልኩ ጨረስኩህ። ሞትክብኝ። የሞትክ ቀን በደብተሬ የጻፍኩት ሁለት ቃል ነው፤ «ሳያውቅ ሄደ።» ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው የሠራሁት የገባኝ። ሰው መሞቱን ካላወቀ ንስሐ አይገባም፣ አይቆርብም። እኔ እንዳትፈራ ብዬ መንገድህን ዘጋሁብህ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ እንጂ ከበሩ አላልፍም።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት እንግዳ መቀበያው ሄጄ፣ በአፍም በምልክትም ተናግሬ በእነሱ ስልክ ደብረ ብርሃን አስደወልኩ። ሲጠራ ቆየ። አነሳችው፤ ራሷ ዘነበች ናት። ድምፅዋን ስሰማ እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። እሷ ሳቀች። «ሞተች ብለሽ ነው? አንቺ ሟርተኛ! በላክሽልኝ ነጠላ ገና ስንቱን እቀብርበታለሁ!»

ተደስቼ ስልኩን ዘጋሁ፤ ከዚያ ደስታዬ ቀዘቀዘ። እሷ ደህና ከሆነች የሚደበቅብኝ ምንድን ነው? ቤቱን ሊያስሸጡኝ ነው? ከሁለት አንዳቸው ታመው ይሆን? ቀጥ ብዬ ቁርስ ወደሚበሉበት ሄድኩ። ማሂ ሳህን ሞልታ ጠበቀችኝ። ሳህኑን ገፋሁትና «ሳትነግሩኝ እህል አልቀምስም» አልኳቸው። ናሆም እህቱን አየ። «ቶልድ ዩ» አላት። «እማ ታውቃለች አላልኩሽም?»

ማሂ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ በተሰባበረው አማርኛዋ እንዲህ አለችኝ፦ «እማ፣ አባባ ያውቅ ነበር። ዶክተሯ ጠየቀችው፣ አንተ ማወቅ ትፈልጋለህ ወይስ ለሚስትህ ብቻ ልንገራት አለችው። እኔ እዚያ ነበርኩ። ንገሪኝ፣ ግን እኔ ማወቄን እሷ እንዳታውቅ አላት። እኛንም ፕሮሚስ አስደረገን።»

ናሆም ቀጠለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ፊዚካል ቴራፒ እያለ የወሰደህ ቴራፒ አልነበረም። ከነፍስ አባትህ ጋር ነበርክ። በመጨረሻው ማክሰኞ ቆርበህ ነው የተመለስከው።

እኔ፣ ደንበኛ በሩን ሳያልፍ ምን ሊገዛ እንደመጣ የማውቀው ሴት፣ የጥቁር ካልሲህን ሥር ሳጥብ ቀይ የምንጣፍ ቃጫ ስለቅም ከርሜ ነበር። ምንድን ነው ስልህ ቴራፒው ያለ ጫማ ያስኬደኛል አልከኝ። ፊትህን አየሁት። ሃያ ዓመት ካርድ ሲያከፋፍል የኖረ ፊት ምን ይነበብበታል? አመንኩህ።

ጋሽ ታደሰም የገቡበት በዚህ ነው። ልጆቹ በሙት ዓመትህ ላይ ለቄሱ ሳለቅስ ሰምተውኝ ኖሯል። ቃላቸውን ማፍረስ ፈርተው ለአንድ ዓመት ያህል ሲያቅማሙ ከረሙና፣ በመጨረሻ ለእናታችን ከባድ ነገር አለን፣ እንዴት ነው የሚነገረው ብለው ጋሽ ታደሰን ጠየቁ። እሳቸው የሚያውቁትን መከሯቸው፤ ስልኳን ያዙ፣ መጀመሪያ አጥግቧት፣ ሥራ ቦታ አይሁን፣ በማለዳ ንገሯት። አሜሪካ የተወለዱ ልጆች የተባሉትን በሙሉ አደረጉ። የምስራች በመርዶ ወግ ነገሩኝ፤ አንድ ሌሊት ሙሉ በሕይወት ያለች እህቴን አስቀበሩኝ። ይህን ስነግራቸው ሦስታችንም ሳቅን፣ የጎረቤት ጠረጴዛ ሰዎች ዞር ብለው እስኪያዩን። ከዚያ እንቁላሉን በላሁ። ቀዝቅዞ ነበር።

የቀሩትን ሁለት ቀናት ባሕሩ ዳር ተቀምጬ ያለፈውን ነገርህን ሁሉ አንድ በአንድ መረመርኩ። በመጨረሻዎቹ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ቦልደር ሲቲ እንሂድ እያልክ፣ መሪ አስነክተኸኝ የማታውቀው ሰውዬ፣ «ደከመኝ፣ አንቺ ንጂ» ትለኝ ነበር። ፓርኩ ውስጥ የተራራ በጎቹ ሣር ሲግጡ እያየን ስንመለስም እኔው ነኝ የምነዳው። ደክሞህ አልነበረም፤ እያስተማርከኝ ነበር። አሁን ፈጣኑን መንገድ፣ ፍሪዌዩን፣ አልፈራውም።

አንድ ጥርጣሬ ግን ቀርቶኛል። ሾርባውን ይዤ ይሻልሃል ስልህ፣ ማንኪያውን ከመቀበልህ በፊት ሁልጊዜ እጄን ትንሽ ይዘህ ታቆየው ነበር። ያን ጊዜ ማንኛችን ማንን እያባበልን እንደነበረ ልጆቹም አያውቁም። ይህን ከአንተ ከራስህ እስክሰማ በጥርጣሬ እይዘዋለሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አልፋለሁ፤ ለቄሱም ነግሬያቸዋለሁ። ልጆቹን ደግሞ የእኔ ቀን ሲደርስ ብበላም ባልበላም በቀጥታ ንገሩኝ ብዬ አስምያቸዋለሁ። በደብተሬ ላይ «ሳያውቅ ሄደ» ያልኩትን አልሰረዝኩትም፤ ከሥሩ «ያላወቅኩት እኔ ነበርኩ» ብዬ የዛሬውን ቀን ጻፍኩበት። ቅዳሜ ሦስቱን ሮማን ይዤ፣ ልጆቹን ከኋላ አስቀምጬ፣ ቦልደር ሲቲ እነዳለሁ። ያንተ ወንበር ከጎኔ ባዶ ይሆናል። ግርምሽ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ገበያ ቆሜ የረታኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱን በሄድኩበት ሁሉ ይዤው እዞራለሁ።

ባለቤትህ አስቴር