አሥራ አራተኛው ኮፍያ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 17

ልጆቹ ከውኃ ሲወጡ የምቆጥረው እኔ ነኝ። ዛሬ ተወሰነ። ዋና የማላውቀው፣ ሶደሬ ስንሄድ እንኳ ከገንዳው ጠርዝ ተቀምጬ እግሬን ብቻ የምነክረው እኔ።

የጠቆመኝ የስፖርት አስተማሪያችን ቶሎሳ ነው። "በሰፈሩ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ከማን ጋር ወጣ፤ እትዬ ወይንሸትን የሚያመልጣቸው የለም" አለ በአስተማሪዎች ስብሰባ መሀል። አስተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ እውነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ፣ በላብ አደሩ በዓል ዋዜማ፣ ልጆቻችን ላንጋኖ ይወሰዳሉ። ሐይቁ ውስጥ ይዋኛሉ፣ ከውኃው ወጥተው ብስክሌት ይነዳሉ፣ ከብስክሌቱ ወርደው ይሮጣሉ። ሦስቱንም ሳያርፉ። የአውራጃው ጓድ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ሄዶ ያየው ነው አሉ። የዚያ አገር ልጆች ከእናታቸው ሆድ እየዋኙ ሳይወጡ አይቀሩም። የኛዎቹ የለመዱት የሶደሬን ገንዳ ነው፤ ሙቅ፣ ወለሉ የሚታይ። የላንጋኖ ውኃ ወተት የበዛበት ሻይ ነው። እስከ ጉልበትሽ ከገባሽ እግርሽን አታዪውም።

የኔዋ ሶስናም አለችበት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሌላ ልጅ የለኝም።

የፈራሁትን ልጻፈውና ይውጣልኝ፦ እግር ሲኮማተር። ፍሬን የሌለው ብስክሌት። የሻሸመኔ ጭነት መኪና። ከሁሉም በላይ ያ ታቹ የማይታይ ውኃ። እምቢ እንዳይባል ደግሞ፣ እምቢ ያለ ሰው ስሙ የት እንደሚጻፍ እናውቃለን።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 18

እትዬ አስካለ መጡ። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ትልቁን ልጃቸውን አምና አውቶቡስ ተራ አጠገብ በአፈሳ ወሰዱት። ደብዳቤም የለ፣ ወሬም የለ። የቀራቸው ብርሃኑ ነው። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ ግን አሥራ ስምንት ሞልቶታል። አዋሽ ወንዝ ያሳደገው ዋናተኛ ነው፤ እሱን የሚቀድም ልጅ በትምህርት ቤቱ የለም።

ገና ሳይቀመጡ ጀመሩኝ።

"ልጆቹን ልትቆጥሪ ነው አሉ።"

"አዎ፣ እትዬ።"

"የሰው ልጅ ይቆጠራል? ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ቸነፈር ነው የመጣበት። አንቺ ከዳዊት ትበልጫለሽ?"

"ካልቆጠርኩ የቀረውን በምን አውቃለሁ?"

"በመልካቸው እወቂያቸዋ። ዓይን የለሽም?"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ብርሃኑ ካልሄድኩ ብሎ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። "ይዋኝ። ይሩጥ። ስሙ ብቻ ወረቀት ላይ እንዳይወጣብኝ። የታላቁም ስም መጀመሪያ የወጣው በኳስ ቡድን ዝርዝር ነው፣ ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። ያን ዝርዝር የጻፈችውንም አውቃታለሁ፤ ክፉ ሴት አይደለችም።

እሺ አልኳቸው። ዝርዝሩ ላይ አሥራ ሦስት፣ ውኃው ውስጥ አሥራ አራት። ለቶሎሳ ብነግረው ጣራ ጣራ እያየ "እኔ ምንም አልሰማሁም" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ግን ጥሩ ይዋኛል።"

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 20

ድሎቼ፦ አንድ ዓሣ አስጋሪ ጀልባውን ይዞ ውኃው ላይ እንዲቆም አስፈቀድኩ። ሦስት ብስክሌት ፍሬን ስለሌለው ለአከራዩ ተመለሰ፤ አከራዩ "ልጅ በእግሩ ያቆማል" እያለ ተሳደበ፣ እኔም ዝም አላልኩት።

ትልቁ ድሌ ኮፍያው ነው። ጥቁር ፀጉር በቡናማ ውኃ ውስጥ አይለይም፤ ስለዚህ ከአምናው የመፈክር ጨርቅ ለእያንዳንዳቸው ቀይ ኮፍያ ሰፋሁ። ርእሰ መምህሩ ጨርቁን የፈቀደልኝ ለአሥራ ሦስት ነው። አሥራ አራተኛውን ከራሴ አሮጌ ቀይ ጉርድ አወጣሁት። የሶስና ኮፍያ ግንባሩ ላይ "ወደ" ይላል፣ የጫልቱ ደግሞ "ፊት"። ልጆቹ ሁለቱን ጎን ለጎን እያቆሙ ይስቃሉ።

ጫልቱ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ የኦቦ ገመቹ ልጅ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ከሁሉም ትንሿ። ኮፍያው ዓይኗ ድረስ ወረደባት። ላስቲክ አስገባበታለሁ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ሶደሬ ወሰድናቸው። ቶሎሳ ዓይናቸውን በሻሽ እያሰረ አዋኛቸው፣ ላንጋኖን እንዲለምዱት። "ኢጆሌ፣ ሱታ፣ ሱታ" ይላል፤ ልጆች፣ በዝግታ። ሶስና ሻሹን በጥሳ እየጮኸች ወጣች። ተመልሳ ገባች። እንደገና ወጣች። በሦስተኛው ዳር እስከ ዳር ሄደች። እኔ ጠርዙ ላይ ሆኜ ጥፍሬን ጨረስኩት።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 21

ለነገ፦ ፎጣ። ብርቱካን። የተቀቀለ ድንች። ስኳር የገባበት ውኃ። ቁስል ማሰሪያ። ቁርስ ማልደው ይብሉ፣ ከዚያ ወዲያ እስኪዋኙ ምንም የለም። የጫማ ክር አጭር ይሁን፣ የብስክሌት ሰንሰለት እንዳይበላው። ዝርዝሩ፣ ሁለት ቅጂ።

ሶስና "እማዬ፣ አንቺ ነሽ የምትወዳደሪው?" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 22

ጫልቱ በሕይወት አለች። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ።

ላንጋኖ ስንደርስ ነፋስ ነበር። የሻሸመኔ ልጆች ከኛ በፊት ገብተው ወጡ፣ ሁሉም ደህና። ቀጥሎ የኛ ተራ። ዳር ለዳር ገመድ ተዘርግቷል፤ ገመዱ ላይ የተነፋ የመኪና የውስጥ ጎማ እዚህም እዚያም ታስሯል። ሲገቡ ቆጠርኩ። አሥራ አራት ቀይ ኮፍያ። የአውራጃው ጓድ ሲገቡ አልቆጠረም። መውጣት ሲጀምሩ ግን "ዝርዝሩ ወደኔ ይምጣ" ብሎ ወሰደብኝና ለወጣው ሁሉ በእርሳስ አንድ አንድ ጭረት ያደርግ ጀመር። ስም አልጠየቀም። ልጆቹ እየተንጠባጠቡ፣ ኮፍያቸውን እየወረወሩ ወደ ብስክሌቱ ይሮጣሉ፤ ማን ማን እንደሆነ እናት እንኳ አትለይም። ብርሃኑን ለየሁ፣ ከሁሉም ቀድሞ ወጥቷልና። ሶስናዬም ስድስተኛ ሆና አጠገቤ አለፈች።

"አሥራ ሦስት። ሞልቷል" አለ ጓዱ። ፊሽካውን ነፋ። ጀልባው ወደ ዳር መቅዘፍ ጀመረ።

አልሞላም። ብርሃኑ የሌላ ልጅ ጭረት ይዞ ነው የወጣው። ውኃውን አየሁት፤ አንድም ቀይ ነገር የለበትም።

እዚህ ላይ እውነቱን ካልጻፍኩ ይህን ደብተር ማቃጠል ይሻለኛል። ዝም አልኩ። አንድ ትንፋሽ፣ ምናልባት ሁለት። ያሰብኩት ስለ ልጁ አልነበረም። ስለ እትዬ አስካለ ነበር፣ ስለ ብርሃኑ ቁመት፣ ሐሰተኛ ዝርዝር ስለጻፈው እጄ።

ከዚያ አፌ ቀደመኝ። "አንድ ልጅ ቀርቷል።"

"ዝርዝሩ አሥራ ሦስት ነው የሚለው፣ ይኸው።"

"ዝርዝሩ ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ናቸው።"

ቶሎሳ ከነልብሱ፣ ከነጫማው ገባ። ጀልባው ተመለሰ። እኔም ገባሁ፣ እስከ ወገቤ፤ ምን ልሠራ እንደሆነ እንጃ።

ዓሣ አስጋሪው ነው ያያት። የመጨረሻው ጎማ ላይ፣ ከኛ በተሸሸገው በኩል፣ ተንጠልጥላ። እግሯ ተኮማትሮባት ኖሯል፤ ለመጮህ ትንፋሽ አልነበራትም። ኮፍያዋ ወልቋል። ቡናማ ውኃ ውስጥ አንዲት ጥቁር ራስ። ሲያወጧት ጣቶቿ ከጎማው አልላቀቅ ብለው አንድ በአንድ ነው ያስለቀቋቸው።

ላስቲኩን ረስቼዋለሁ። ሐሙስ ላስገባው ነበር።

ጫልቱ ውኃውን አስመልሳ፣ ፎጣ ተጠቅልላ እቅፌ ውስጥ ሆና፣ የመጀመሪያ ቃሏ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "ኮፍያዬ ጠፋ፣ ይቆጡኛል?"

ጓዱ አጠገባችን ቆሞ "አሥራ አራተኛው ማነው?" አለ። ሩጫውን የጨረሱ ልጆች መሬት መሬት ያያሉ። የኔዋም።

ብርሃኑ የት እንደነበር ቶሎሳ በኋላ በአውቶቡስ ውስጥ ነገረኝ። ሩጫውን እየመራ መጣ። ስም የሚመዘገብበት መጨረሻው መስመር ጋ ሊደርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ሆዱን ይዞ ግራር ሥር ተኛ። ሁሉም አለፈው። "ሆዱን አላመመውም፣ እትዬ" አለኝ ቶሎሳ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ስንመለስ ልጆቹን ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ሞጆ ላይ እንደገና። ናዝሬት ስንገባ ለሦስተኛ ጊዜ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 23

ሰልፍ ወጣን። መፈክሩን እኩል አሰማን። ዙሪያዬን ማን እንደሚያየኝ ሳይ ዋልኩ፤ ሁሌ ሰው የማየው እኔ ነበርኩ።

ኦቦ ገመቹ ከሰልፉ መሀል ወጥተው እጄን ሳሙኝ። ላስቲኩን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አልቻልኩም።

ሰልፉ ሲበተን የቀበሌው ሊቀመንበር ሰው ላከብኝ። ነገ ጠዋት፣ የተስተካከለ ዝርዝር ይዤ እንድመጣ። አሥራ አራቱም ከነስማቸው።

ቶሎሳ ዘንድ ሄድኩ። "የእህቴን ልጅ ጻፉ" አለኝ። "መልካሳ ነው የምትኖረው፣ ትዋኛለች፣ ልታየን መጥታ ገባች በሏቸው። ሴት ናት። ሴት ልጅን ለውትድርና የሚፈልግ የለም።"

"ጓዱ ብርሃኑን አይቶት ከሆነስ?"

"እንግዲህ አይቶት ይሆናል" አለ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 24

ሊቀመንበሩ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበ። መጨረሻው ስም ላይ ቆየ።

"ትንሿ እንዴት ናት?"

"ትምህርት ቤት መጥታለች።"

"ይቺ የመልካሳዋ ልጅ ጢም ጀምሯታል የሚል ወሬ ሰማሁ።"

ሁለተኛውን ቅጂ ወደሱ ገፋሁለት።

"መልካሳ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ያለበት አገር ነው" አለ፣ ወረቀቱን እያየ። "ምን የማይበቅል አለ።" አልሳቀም። ማኅተሙን ሁለቴ ተነፈሰበትና መታው። አንዱን ቅጂ መሳቢያው ውስጥ ከተተ፣ ቆለፈ። "ሂጂ" አለኝ።

ማረኝ ወይስ ለሌላ ቀን አስቀመጠኝ? መንገዱን በሙሉ ሳስበው መጣሁ። አላወቅሁም።

እትዬ አስካለ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። አውቶቡስ ተራ ዛሬም የአፈሳው መኪና ቆሟል አሉ፤ ብርሃኑ ከጓዳ አይወጣም። ስለ ማኅተሙ ነገርኳቸው፣ ስለ መሳቢያው ግን ዋጥኩት። እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና ጓዳውን ከፈቱ። ብርሃኑ ሣጥን ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል፤ ተቀምጦም ረጅም ነው።

"በይ፣ ልጆቼን ቁጠሪልኝ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ዳዊትሳ?"

"ተይኝ። ቁጠሪ።"

አንድ አልኩ። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን አልነቀሉብኝም፤ ሁለት እስክል የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።