አሰልጣኙ ስለ ማሙሽ የተናገሩት

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይይዝሻል ወይስ ቅባቱ አሻለሽ? አባባስ ሳሉ ለቀቃቸው? መስኮቱን ከፍተው፣ ራዲዮኑን ደረታቸው ላይ አስቀምጠው መተኛታቸውን ይተዋሉ ብዬ ተስፋ አላደርግም፤ ብቻ ብርድ ልብሱን ደረብ አድርጊላቸው። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም የጎደለብኝ ነገር የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማሙሽም ደህና ነው። ልብሽ እንዲያርፍ ደግሜ ልጻፈው፦ ማሙሽ ደህና ነው። ቡድናቸውም አልወረደም።

ቅዳሜ ስንደዋወል «ልጄን በሰው ሁሉ ፊት ፈሪ ብለው አዋረዱት» እያልሽ ስታለቅሺ እኔም ማስረዳት ፈልጌ ነበር፤ መስመሩ ግን አንዱን ቃል ሰጥቶ ሁለቱን እየዋጠ አላናግር አለን። በመጨረሻ «ጻፊልኝ፣ እህትሽ ታነብልኛለች» ያልሽውን ሰምቻለሁ። ይኸው እየጻፍኩልሽ ነው። ባለ ሱቁ የነገረሽ ውሸት አይደለም። ግን ከመሀል ቆርጦ ነው ያመጣልሽ፤ እኔ ከሥሩ ልንገርሽ።

ጭንቅላቱን የተመታ ጊዜ የሆነውን ታውቂዋለሽ። በዚያ በዝናቡ ጨዋታ ሰው የተተራመሰበትን ኳስ ሊይዝ ወጥቶ የአንዱ ጉልበት መትቶት ሐኪም ቤት ያደረው ማለቴ ነው። ሐኪሙ ድኗል አለ፣ እሱም ድኛለሁ አለ፣ እኛም አመንን። ወደ ሜዳ ሲመለስ ግን የምናውቀው ማሙሽ አልነበረም። ከሩቅ የሚመታበትን ኳስ እንደ ድሮው ይይዛል፤ ኳስ ከፍ ብላ ሰው ወደተሰበሰበበት ስትመጣ ግን እግሩ ከመስመሩ አይነቀልም። ባለፈው ማሸነፍ የነበረባቸውን ጨዋታ በእንዲህ ያለ ኳስ ተሸነፉ። ኳሷ በአፍንጫው ሥር ስታልፍ እንደ መንገደኛ ቆሞ አያት።

ወሬው የተጀመረው ያኔ ነው። ፈራ ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያለው «ጨዋታውን ሸጦታል» ነው። ከማን ገንዘብ እንደተቀበለ፣ የት ቁጭ ብለው እንደተነጋገሩ ሳይቀር የሚያወራ ተገኘ። አውቶቡስ ስጠብቅ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ስሙን እያነሱ ሲያሙት ሰማሁና ዞሬ ልናገራቸው ብዬ ተውኩት። ልምምድ ቦታ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ የቆሙ ደጋፊዎች ሳንቲም ወረወሩበት አሉ። «ይቺንም ጨምራት» እያሉ። ይህን የሰማሁት ከሰው ነው፤ እሱ ለኔ ትንፍሽ አላለም። ስደውልለት «ደህና ነኝ» ይለኛል፣ ስለ አየሩ ያወራኛል፣ ይዘጋዋል።

እንዲህ ሆነን ዓርብ ደረሰ። የምሠራበትን ቤት መቼም ነግሬሻለሁ፤ የሆቴሎችን አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ አጥበን፣ ተኩሰን፣ አጣጥፈን የምንመልስበት ነው። ከማጠፊያው ጠረጴዛ በላይ አሮጌ ራዲዮ አለ፤ የሚዘጋው አሠሪያችን ስልክ ስታወራ ብቻ ነው። እሁድ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ስለነበረ፣ ቡድኑም ቢያንስ አቻ ካልወጣ ወደ ታችኛው ሊግ ስለሚወርድ፣ ጋዜጠኞች አሰልጣኙን ሰብስበው ይጠይቁ ነበር። አንዱ በረኛውን ይቀይራሉ ወይ አላቸው። እናም ሰውየው፣ ጎምቱ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸውም ሻካራ ነው፣ እንዲህ አሉ፦

«በረኛችን ምንም የሸጠው ነገር የለም። ፈርቷል። ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ ሰው መሀል ገብቶ ኳስ ማውጣት ይፈራል። እሁድም የሚሰለፈው እሱ ነው።»

እማዬ፣ እጅ ሁሉ ከሥራው ቆመ። ማሽኖቹ ብቻ ይሽከረከራሉ። ወንድሜ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቁ መጀመሪያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ፤ እኔ ደግሞ የማደርገው ጠፍቶኝ ካውያዬን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ሾፌራችን አንድ ቃል ተናገረ፣ በቃ፣ መኖሬንም ረስተውት ከአፍ ከአፍ ይነጣጠቁ ጀመር።

ሾፌሩ ማለት አንሶላውን ለሆቴሎቹ የሚያደርሰው ነው፤ ቡድኑ ሲሸነፍ መኪናው ውስጥ እንኳ ሙዚቃ አይከፍትም። እሱ እንደሚለው አሰልጣኙ ለሌባ የትኛው መስኮት እንደማይቆለፍ ነገሩት። ከእንግዲህ ተጋጣሚዎቹ ኳሱን በሙሉ ከፍ አድርገው በረኛው ራስ ላይ ነው የሚያወርዱት፤ የቤት ገመና ለጎረቤት አይነገርም ብሎ ጠረጴዛውን መታው። እግረ መንገዳችንን የምናጥብለትን ሸሚዝ ሊወስድ የመጣው ጡረተኛ መምህር ደግሞ ነገሩን በሌላ አየው። ሰውየው ለራሱ ማምለጫ እያዘጋጀ ነው፣ ሲሸነፉ «ብያችሁ ነበር» ሊል ነው፣ ልጁን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ከሥሩ ሊጠለል ነው አለ። አሠሪያችን በበኩሏ ከፈራ ለምን ያሰልፈዋል፣ ተጠባባቂ በረኛ የሚባለው ሰውዬ ወንበር ለማሞቅ ነው ወይ ደሞዝ የሚበላው ብላ ጠየቀች።

የተቀደደውን የምትጠግነዋ እትዬ መርፌ ናት ዝም ያለችው። ስሟን ሁላችንም ከረሳነው ቆይቷል። ክሯን በጥርሷ በጠስ አደረገችና፣ እናንተ ስለ ኳሱ ታወራላችሁ፣ እኔ የሰማሁት «አልሸጠም» የሚለውን ነው፣ እስከ ዛሬ ይህን ደፍሮ የተናገረለት ሰው ነበረ ወይ አለቻቸው። ሾፌሩ መሬት መሬት አየ። በኋላ እንደነገረኝ እሱም ሽያጩን ካመኑት አንዱ ነበር።

እኔ ግን እትዬ መርፌን በዚያ ሰዓት አልሰማኋትም። ጆሮዬ ላይ የቀረው «ፈርቷል» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ደሜ ፈላ። አንድ ትልቅ ሰው ልጅ የሆዱን ቢነግረው እንዴት ለራዲዮ ይሰጣል ብዬ ስብሰለሰል የአንዱን ሆቴል ነጭ የጠረጴዛ ልብስ በካውያ አቃጠልኩት፤ የካውያው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ታተመበት። አሠሪያችን ሽታውን ተከትላ መጣች፣ ልብሱን አየች፣ እኔን አየች፣ «ሂጂ ወንድምሽን እዪው» ብላ ቦርሳዬን አቀበለችኝ። መልካም ሴት ናት፣ እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈልልኝ።

ማሙሽ የሚያድርበት የተጫዋቾች መኖሪያ እስክደርስ አሰልጣኙን የምሰድብበትን ቃል ሳሰባስብ ነበር። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጓንቶቹን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል። አቅፌው ማልቀስ ስጀምር እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ፣ እሳቸውን እንዳትሰድቢ፣ እኔ ነኝ የላክኋቸው አለኝ።

አልገባኝም። ምን ማለትህ ነው ብዬ ጠየቅኩት። ሳንቲም የተወረወረበት ቀን ወደ አሰልጣኙ ቢሮ ገብቶ እስከዚያ ለማንም ያልነገረውን ነገራቸው፦ ኳስ ከፍ ስትል ዓይኑ የሚያየው ኳሷን ሳይሆን ያንን ጉልበት እንደሆነ፣ እግሩ እንደማይታዘዘው። እሳቸውም ይህን ማወቃቸው እንደሚበቃ፣ ለማንም እንደማይናገሩ ቃል ሊገቡለት ሲሉ እሱ እምቢ አለ። ለሰው ይንገሩልኝ፣ እኔ ብናገረው ሰበብ ይመስላል፣ እርስዎ ከተናገሩት ግን ያምናሉ አላቸው። እርግጠኛ ነህ ወይ ብለው ደጋግመው ጠየቁት። ያኔ ያላቸውን ለኔም አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ፦

«ሌባ ከሚሉኝ ፈሪ ቢሉኝ ይሻለኛል። ፈሪነቱ እውነት ነው።»

እማዬ፣ ይህ ልጅ መቼ ነው ያደገው? ጫማውን ስናስርለት የነበረው ልጅ እኮ ነው። ያሰባሰብኩትን ስድብ ይዤ ተመለስኩ። በማግስቱ ነው አንቺ የደወልሽው።

እሁድ ስታዲየም ሄድኩ። በሕይወቴ መግባቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሾፌሩ በአንሶላ መኪናው እኔን፣ እትዬ መርፌንና አሠሪያችንን ጭኖ ወሰደን። ጡረተኛው መምህርም በር ላይ ጠብቆ ተቀላቀለን። ወረፋው ላይ ሳይቀር ሰው የሚያወራው የአሰልጣኙን ንግግር ነው። አንዱ አበጀ ይላል፣ አንዱ አበላሸ ይላል፤ «ሸጦታል» የሚል ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አልሰማሁም።

በመጀመሪያው አጋማሽ የኛዎቹ አገቡ። ሰው ሁሉ ተቃቀፈ፤ መምህሩ ከማያውቀው ሰው ጋር ተሳሳመ። ከእረፍት መልስ ግን ሾፌሩ የፈራው ደረሰ። ያኛው ቡድን ያገኘውን ኳስ ሁሉ ከፍ እያደረገ ማሙሽ ላይ ማዝነብ ጀመረ። የማዕዘን ምት ተመታ። ማሙሽ ወጣ። ሰው መሀል ገብቶ ዘለለ፣ ኳሷን ሳታት፣ ተቆጠረበት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከኋላችን አንዱ «ይኸው!» ሲል ሾፌሩ ዞረና «ዝም በል፣ እህቱ እዚህ ናት» አለው።

ከዚያ የቀረችው ጊዜ አላልቅ አለች። አንድ ጎል ቢደገም ወረዱ ማለት ነው። በመጨረሻው አካባቢ ቅጣት ምት ሆነ፤ ኳሷ ሰማይ ደርሳ ሰው ሁሉ ወደተደረደረበት ስትወርድ እትዬ መርፌ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። መቼም ያቺን ከሳተ በኋላ አይወጣም ብዬ ነበር። ወጣ። በሁለት ቡጢ መትቶ እስከ መሀል ሜዳ አሻገራትና እሱ ከሁለት ሰው ጋር ተላትሞ ተዘረረ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ማንም ሳያነሳው ተነስቶ፣ ጓንቱን ከጭቃ እያራገፈ ተከላካዮቹን ይቆጣቸዋል። በኋላም ለመጣው ኳስ ሁሉ ወጣ። ሁሉም አላማረለትም፤ አንዷን የራሱ ተከላካይ ጀርባ ላይ ነው የመታት። ግን ወጣ። ፊሽካው ሲነፋ አንድ እኩል ነበሩ፤ አልወረዱም።

እኔ አላጨበጨብኩም፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሾፌሩ አጠገቤ ዝቅ አለና «የተቆጠረችበትንም እኮ ወጥቶ ነው የሳታት» አለኝ። ድምፁ እንደ ይቅርታ ነበር፤ ይቅርታ ብዬም ተቀበልኩት።

ክርክሩ አልቋል ብለሽ ግን እንዳትሞኚ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሾፌሩ አሁንም አሰልጣኙ መናገር አልነበረባቸውም ይላል፣ መምህሩ ዕድል ነው ያወጣቸው ይላል፣ አሠሪያችን የተጠባባቂውን በረኛ ደሞዝ እንደገና አነሳችው። እትዬ መርፌ ተኝታለች። ማሙሽ ራሱ እንደላካቸው ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ያ የሱ ነው፤ ከፈለገ ይንገራቸው። አንቺ ግን እናቱ ነሽና አስፈቅጄው ጻፍኩልሽ።

ዛሬ ዕረፍት ስለሆነ እኔ ጋ መጥቶ በልቶ ጠጥቶ፣ በጠራራ ፀሐይ አልጋዬ ላይ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ ነው የዋለው። እግሩ ከአልጋው ይተርፋል። ክንዱ ላይ ትንሽ በልዟል፤ ጭንቅላቱን አልተነካም፣ ሐኪሙም አይቶታል፣ ስለዚህ ገና ለገና ብለሽ እንዳታስቢ። አሁን ነቅቶ በትከሻዬ በኩል የጻፍኩትን ያነባል። ጀግና ሆነ ብለሽ እንዳትጽፊ፣ እማዬ መንደሩን ሁሉ ታዳርሰዋለች አለኝ። አልጻፍኩም፤ አንቺ ብታዳርሺው ግን እኔ የለሁበትም።

ለአባባ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፤ ጨዋታውን በራዲዮ ሲከታተሉ ተነስተው መቆማቸውን ሰምቼ ስቄያለሁ። ይህን ለምታነብልሽ ለእህቴ ናፍቆቴ ይድረሳት፤ ደስ ያላትን ቦታ ብቻ እየመረጠች እንዳታነብ። ለወንድማለምና ለባለቤቱ ሰላም በይልኝ፤ መንትዮቹን በየተራ ሳይሆን እኩል ሳሚልኝ፣ አለዚያ ይጣላሉ። አክስቴንም ወገቧን እንዳትረሳ፣ ሐኪሙ ጋ ትመለስ በያት።

ከዚህ በታች ያለው የማሙሽ ጽሑፍ ነው፤ ብዕሩን ቀምቶኝ።

እማዬ፣ ደህና ነኝ። አሁንም ትንሽ እፈራለሁ። ግን እወጣለሁ። ልጅሽ።

ከልጆችሽ፣ ከኔ ክፍል
ሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን ከሰዓት በኋላ