አልገባኝም ያልኩበት ምክንያት

ለውድ ወንድሜ ለዛኪር፤

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲነካህ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን እያመማት አሁንም ደጋን ገበያ በእግሯ ትወጣለች አሉኝ፤ እውነት ነው? ታናሻችን ፋሪሃስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ላሚቱስ ወለደች ወይስ እንደ አምናው ስታስጠብቃችሁ ከረመች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሰውነቴም አልጎደለ፣ ሥራዬም አልከበደኝ፤ የጎደለኝ ያንተ ድምፅ ብቻ ነው።

ስልክ ብደውል አታነሳም። የድምፅ መልእክት ብልክ ሰምተህ ዝም ትላለህ፤ መስማትህን ደግሞ ስልኩ ራሱ ያሳብቅብሃል። ስለዚህ ወደ ድሮው ተመልሼ ወረቀት ገዛሁ። ናስራን ታውቃታለህ፣ እዚህ ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ያለችውን የዕረፍት ቀን ማደሪያ ክፍላችንን አብራኝ የተከራየችው የሐርቡ ልጅ። ለእህቷ ሰርግ ወደ አገር ልትገባ ስለሆነ ይህ ደብዳቤ በእሷ እጅ ይደርስሃል። ወረቀት ግማሹ ላይ አይዘጋም። አኩርፈህም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብበው።

የኩርፊያህን ምክንያት አውቃለሁ። ባለፈው ዓርብ አሠሪዬ ባሽመሐንዲስ ነጂብ ለቅጥር ፈተና የሠራኸውን ሥራ በስልክ፣ በአማርኛ፣ ለእኔ እንድታስረዳኝ ጠየቀህ። እኔ ደግሞ የገባኝን በዐረብኛ ልነግረው ነበር። አስረዳኸኝ። ገብቶሽ እንደሆን ንገሪኝ ሲለኝ አልገባኝም አልኩት። ከዚያ ወዲህ እህት ሆና በሰው ፊት አዋረደችኝ፣ እንጀራዬን ዘጋችብኝ እያልክ ለፋሪሃ እንደምታወራ ሰምቻለሁ። ይባስ ብለህ በመተማ በኩል ወደዚህ ለመምጣት ከደላላ ጋር መነጋገር ጀምረሃል አሉ። አልሐምዱሊላህ ገና አልተነሳህም። ከመነሳትህ በፊት ግን አልገባኝም ያልኩት ለምን እንደሆነ ልትሰማ ይገባል። እሱን ለመናገር ደግሞ ስለ ነጂብ መናገር አለብኝ፤ አንተ የምታውቀው ስሙን ብቻ ነውና።

በዚህ አገር መሐንዲስ የተባለ ሁሉ፣ ድልድይ ይሥራ ኮምፒውተር፣ ባሽመሐንዲስ ነው የሚባለው። እኛ ቤት ግን ማዕረጉን የማትቀበል አንዲት ሴት አለች፤ እናቱ ሐጃ አሚና። ለእሷ ሥራ ማለት ጠዋት የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መውጣትና ደክሞ መመለስ ነው። እንግዳ ሲጠይቃት ልጄ ኮምፒውተር ነካ ነካ ያደርጋል ትልና ወሬ ትቀይራለች። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም መጀመሪያ ከእሷ ጋር ነበርኩ። ሰውየው ጣራ ላይ ወጥቶ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ብቻውን ያወራል፤ እጁን ያወናጭፋል። ቁርአን ቢቀራበት ይሻለው ነበር ብዬ ለናስራ ነግሬያታለሁ።

እያደር ነው ነገሩ የገባኝ። ነጂብ ሥራ ወንበር ማሞቅ አይደለም ይላል። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የከፈቱት ቢሮ ውስጥ ማን ስንት ሰዓት ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ምን ተቃለለ ተብሎ ነው። አንድ ቀን ፊቱ በርቶ ገባና ዛሬ ብዙ ሠራሁ አለ። እናቱ ምን ጨመርክ ብትለው፣ የጻፍኩትን ግማሹን አጠፋሁት አላት። ሐጃ አሚና እኔን አየችኝ፤ እኔ ቀና አላልኩም። በኋላ ምስር ስለቅም ግን ትዝ አለኝና ሳቅኩ። ምስር ለቃሚ በቀኑ መጨረሻ የምታሳየው የጣለችውን ጠጠር አይደል?

እዚህ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን የመድኃኒት መፈለጊያ ፕሮግራም የጀመረበት ምክንያት ደግሞ ስንፍናው ነው፤ እሱ ራሱ ነው እንዲህ የሚለው። የሐጃ አሚና የስኳር መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ ከፋርማሲ ፋርማሲ፣ በዚያ ሐሩር፣ በረክሻ፣ በእኛ ባጃጅ፣ ሲዞር ይውል ነበር። ሁለተኛ ላለመዞር ብሎ ተቀመጠና ሠራው። አሁን ሰው የመድኃኒቱን ስም በስልኩ ይጽፋል፤ የቱ ሰፈር፣ የቱ ፋርማሲ እንዳለ ይነገረዋል። ታታሪ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲዞር ይኖራል፣ ዓለምን የሚያቀለው መዞር የሰለቸው ነው ይላል። በዚህስ አልተስማማሁም። የእሱን ስንፍና የተሸከመው ማን እንደሆነ ወጥ ቤት ገብቶ ቢያይ ይታወቀው ነበር፤ ጨው የት እንደሚቀመጥ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ስለ ገንዘብ ሲያወራ ደግሞ ቢሰሙት አይጠገብም። የውጭ ድርጅቶች በኢንተርኔት ሥራ ሊሰጡት ፈልገው ካርቱም ኑሮ ርካሽ ስለሆነ ትንሽ ይበቃሃል ብለውት ነበር። የምትገዙት ሥራዬን ነው ወይስ ራቴን ብሎ መለሰላቸው። ከአገራችን ግራር ሙጫውን በጆንያ ይወስዱና ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ከትተው መልሰው ይሸጡልናል፣ አሁን ደግሞ ጭንቅላታችንን በጆንያ ሊወስዱ ነው ይላል። ይህን የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ የማደንቀው ግን ለውጭ ሰው የተናገረውን በገዛ ቤቱ ስለሚፈጽመው ነው። ዳቦ ሲጨምር ደመወዜ ይጨምራል፣ አፌን ሳልከፍት። ገንዘቡ እየወደቀ ደመወዝን ባለበት ማቆም በየወሩ ከሠራተኛ ኪስ መውሰድ ነው ብሎ ለእናቱ ሲያስረዳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፓስፖርቴም በገዛ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። እዚህ አገር ለኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ናስራ ትነግርሃለች።

ቤት መግዛት ሞኝነት ነው፣ ተከራይቶ መኖር ይሻላል የሚል ነገር ግን አለው። ቤት የሌለው ሰው እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ አንተ ነገር ልምጣ። ነጂብ ሲቸግረው ልብስ ወደምተኩስበት ክፍል ሻዩን ይዞ ይመጣል። ወንበሩን አዙሮ ይቀመጥና የጠመመበትን ነገር ከሥሩ ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ይነግረኛል። እኔ ካውያዬን እገፋለሁ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ያ ሰላም፣ ሲደነቁ የሚሉት ነው፣ ይልና ሻዩን ጥሎ ይሮጣል። ቢሮ ሄዶ ደግሞ ሉጥፊያ ፈታችው ብሎ ያወራል። ወላሂ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ምን አገኘህብኝ ብዬ ጠየቅኩት። ከሥራው ሰዎች ጋር ሳወራ ቀዳዳውን በሥራ ቃል እሸፍነዋለሁ፣ እነሱም በዚያው ቃል ይሸፍኑልኛል፣ ላንቺ ለመንገር ግን መክፈት አለብኝ፣ ስከፍተው ቀዳዳው ይታያል አለኝ።

ሰው የሚቀጥሩትም በዚሁ ነው። ማንም ቢሆን የሠራውን ለአንድ የሥራው ዓለም ላልሆነ ሰው ማስረዳት አለበት። አንዱን የኦምዱርማን ልጅ ሐጃ አሚና ፊት አስቀምጠውት አይቻለሁ፤ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፣ ግን አለፈ። ስለዚህ አንተን በአማርኛ ለእኔ ንገራት ማለታቸው ንቀት አልነበረም። ወንድሜ ኮምፒውተር ተምሮ ኮምቦልቻ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ እሱም ከማንም ያላነሰ ጥያቄ ሰጠህ። አንድ ፋርማሲ ውስጥ አንድ መድኃኒት ብቻ ቀርቶ ሁለት በሽተኛ እኩል ቢጠይቅ ፕሮግራሙ ለሁለቱ ምን ይላል? ሠርተህ ላክህ። ይሠራል አሉ። የቀረው ለእኔ መንገር ብቻ ነበር።

ከመደወሉ በፊት ምንም ይሁን ምን ገብቶኛል በይው ብለህ ጻፍክልኝ። አልመለስኩልህም፤ አንተ ዝምታዬን እሺታ አደረግከው። ከዚያ ሰርቨር አልክ፣ ዳታቤዝ አልክ፣ ሌላም ሌላም። ሁለተኛው በሽተኛስ ምን ይባላል ብዬ ጠየቅኩህ። ሲስተሙ ሀንድል ያደርገዋል አልከኝ። እንዴት ብልህ ረጅም ነው፣ አይገባሽም አልክ። ነጂብ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የሚያየው ስልኩን ሳይሆን የእኔን ፊት ነበር።

ዛኪር፣ አሁን የምጽፍልህን ለእማዬ አልነገርኳትም፤ አንተም አትንገራት። ካርቱም እንደመጣሁ የመጀመሪያዋ ቃሌ ኣይዋ ነበረች፣ አዎ ማለት ነው። ከወሎ የመጣን ሁሉ እንደዚያው ነን። ያሉን ሳይገባን ኣይዋ እንላለን፤ አልገባኝም ካልን ደንቆሮ ናት ብለው የሚያባርሩን ይመስለናል። የመጀመሪያ አሠሪዬ አንድ ቀን በጣም ተቆጥታ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ። ኣይዋ አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ፤ ኣይዋ። የጠየቀችኝ ለካ የወርቅ ቀለበቴን አንቺ ነሽ የወሰድሽው ብላ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ አደርኩ። ቀለበቱ በማግሥቱ ከትራሷ ልባስ ውስጥ ወጣ፤ ይቅርታ ያለኝ ግን አልነበረም። ከዚያን ቀን ወዲህ ያልገባኝን ገባኝ ላልል ከራሴ ጋር ተማምያለሁ። በዚህ ቃሌ የተነሳ ሁለት ቤት ለቅቄያለሁ።

ነጂብ ቤት እንደገባሁ የልብስ ማጠቢያውን ማሽን አሳየኝና ገባሽ ወይ አለኝ። እየፈራሁ አልገባኝም አልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በደንብ አልነገርኩሽም አለና ከመጀመሪያው ጀመረ። የኔ አለመረዳት የእሱ ጉድለት እንደሆነ አድርጎ የቆጠረ ሰው ከእሱ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም። ምሁር የምለው ይህንን ነው። እንዲህ ላለ ሰው፣ ባንተም ቢሆን፣ እንዴት ብዬ ልዋሽ?

አንተ ዛሬ ፕሮግራሙን ማሽን ራሱ እየጻፈው ሰው ለምን ያስፈልጋቸዋል፣ ሰበብ ፈልገው ነው ብለሃል አሉ። ለጠየቁት ሁሉ ጽፎ የሚመልሰውን ያንን አዲስ የወጣ ማሽን ነጂብም ያውቀዋል፤ ይወደዋልም። ጎበዝ ነው፣ ፈጣን ነው፣ አላውቅም ማለት ብቻ አልለመደም ይላል። ያን ዕለት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣም። ልጁ ጭንቅላት አለው፣ ቸኩሎ ነው አለኝ። ማሽኑ ጽፎለት ሊሆን ይችላል፣ ማጻፉ ነውር አይደለም፣ እኔም አጽፋለሁ፣ ነውሩ የማያውቁትን የኔ ነው ብሎ መፈረም ነው አለ። ቦታው ረመዳን እስኪገባ ክፍት ነው። ሥራው እዚያው ኮምቦልቻ ተቀምጠህ የምትሠራው ነው፤ መተማም ደላላም አያስፈልገውም። እንደገና ደውለህ ለእኔ ንገረኝ። ከገባኝ እየሮጥኩ እነግረዋለሁ። ካልገባኝ ግን አሁንም አልገባኝም ነው የምለው፤ ተስፋ እንዳታደርግብኝ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱ ነው የከበደኝ። ካርቱም ከመጣሁ ጀምሮ እኔና አንተ የምናወራው የላኩት ብር ደረሰ አልደረሰም ነው። አንተ እኔ የምሠራውን ታውቃለህ፤ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። እኔ ያንተን አላውቅም። ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ ምን እንዳስተማርኩህ ግን የነገረኝ የለም። ባለፈው ዓርብ ለዒድ ያስቀመጥኩትን ሻሽ አስሬ ነበር ስልኩ ፊት የተቀመጥኩት። ለነጂብ ብዬ አልነበረም። ዛሬ ወንድሜ ሥራውን ሊነግረኝ ነው ብዬ ነበር። ረጅም ነው፣ አይገባሽም ስትለኝ ፈተናውን ረሳሁት፤ ያመመኝ ያ ነው።

ለእማዬ ጉልበቷን እንድትታሸው ቅባት በናስራ ልኬያለሁ፤ እጇን ስሜያለሁ በልልኝ። ፋሪሃን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የጠየቀችውን ቦርሳ አልረሳሁትም። አጎቴ ረሺድን ዱዓው እየደረሰኝ ነው በለው። ሐጃ አሚናም ሰላም ብላችኋለች፤ ኮምፒውተር ነካ ነካ የሚያደርገው ያንቺም ወንድም እንዴት ነው ትለኛለች። አንተን ደግሞ አላህ ከመንገድ ይጠብቅልኝ። ከጁምዓ በኋላ ሥራ የለኝም፤ ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ። ቢረዝምም ግድ የለም፣ ጊዜ አለኝ።

እህትህ ሉጥፊያ
ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ
የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.