ክርኑ የተጣፈ ኮት

ሃያ ሁለት፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለረታ፤

ደብዳቤ የሚጀመረው «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ነው። ዛሬ ግን አልዋሽህም፤ ደህና አይደለሁም። ቤቱ ሰፍቶብኛል። እኔና እናትህ ለሁለት አንድ እንጀራ መጨረስ አቅቶናል።

ድራማችን በቴሌቪዥን ታየልህ። አዎ፣ ከመዝመትህ በፊት «የሴት ባንድ ደግሞ ምን የሚሉት ነው» ብለህ የሳቅክበት። የሚጫወቱበት ቦታ ያጡ የሦስት ሴቶች ታሪክ ነው፤ አብዛኛው የሚነገረው በዘፈን ነው። ለእኛማ ትወናው ምን ይከብደናል፣ ኑሯችን አይደል። ፈለቀች ትዘፍናለች፣ ፍረወይኒ ድራም ትመታለች፣ እኔ ያው ቤዝ ጊታሬን ይዣለሁ። የተለማመድነው ቀበሌ አዳራሽ ነው። አውሮፕላን ቦሌ ሊያርፍ በላያችን ባለፈ ቁጥር ፈለቀች አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። አምፕሊፋየሩ ደግሞ በቡጢ ካልተመታ አይናገርም። የቀበሌው ሰዎችም ይህን ጩኸት ተዉና የሰልፍ ማርሽ ተጫወቱ ይሉናል።

አዘጋጁ ባሏ መጨረሻ ላይ ከዘመቻ የሚመለስላትን ሴት ሆነሽ ሥሪ አለኝ። አልባሳት ስለሌለ ከየቤታችሁ አምጡ ተባልን። እኔም ባሌን ሆኖ ለሚሠራው ለቢተው ግራጫ ኮትህን ወሰድኩለት። ምን እንደነካኝ እንጃ። ቢተው በሩን ገፍቶ ሲገባ እሱን አላየሁም፤ ኮቱን ብቻ አየሁና ተንሰቀሰቅኩ። አዘጋጁ ጎበዝ ተዋናይ ወጣሽ ብሎ አመሰገነኝ።

ቅዳሜ ማታ ጎረቤታችን መኪያ ቤት ተሰበሰብን፤ የሰፈሩ ቴሌቪዥን የሷው አይደል። እናትህን ደግፌ ወስጄ ከፊት አስቀመጥኳቸው። በቴሌቪዥኑ ጊታር ታቅፌ ሲያዩኝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሙች ስልህ፣ ሳቁ። ከዚያ ቢተው በሩን ገፍቶ ገባ። የኮቱ ክርን ላይ ያለውን ጨርቅ የጣፉት እሳቸው ናቸው፤ እንዴት ይጠፋቸዋል። ቤቱ ሁሉ ሲያጨበጭብ እሳቸው ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉና «የልጄን ልብስ ለሰው ሰጠሽው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የባነንኩት። ወይ አለማወቅ። ለሰው የሚሰጠው የሟች ልብስ መሆኑን እንዴት ረሳሁ? አውሼው ነው ብዬ ማልኩ፣ ተገዘትኩ። በማግስቱ ከቢተው ተቀብዬ ሚስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልኩት። ዞር ብለው አላዩትም። እስከ ዛሬ አራት ቀን ሙሉ እህል በአፋቸው አልዞረም።

አሁን የደበቅኩትን ልንገርህ። በሐምሌ ከጦር ክፍልህ ወረቀት መጥቶ ነበር። «የት እንደደረሰ አልታወቀም» ይላል። ሞተ አይልም፣ አለ አይልም። እናትህ እንዳያገኙት ጊታሬ ሳጥን ውስጥ፣ ከጊታሩ ሥር ከተትኩት። ለልምምድም ለቀረጻም ስሄድ ይዤህ ዞርኩ።

የፈሩት ይደርሳል አይደል የሚባለው። ዛሬ ከሥራ ስገባ እናትህ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እስቲ ያንን የቴሌቪዥኑን ተጫወቺልኝ አሉኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ሲጠይቁኝ እንዴት እምቢ ልበል? ከፈትኩ። ጊታሩን ሳነሳ ወረቀቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ማንበብ አይችሉም፤ ማኅተም ግን ያውቃሉ። አነሱት፣ ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ ለኔ ሰጡኝ።

«አንብቢልኝ» አሉ።

ፊደሉ ሁሉ ተደባለቀብኝ።

«‹ደህና ነኝ› ይላል» አልኳቸው።

ዓይን ዓይኔን እያዩ ቆዩ። እንባዬ ይወርዳል፤ እኔም አልጠረግኩት፣ እሳቸውም ለምን ታለቅሻለሽ አላሉኝም።

«ድገሚልኝ» አሉ።

ደገምኩላቸው። ተነስተው ኮቱን ከሚስማሩ አወረዱ፣ አጣጥፈው ትራሳቸው ሥር አደረጉት። ከዚያ እራት በላን።

ረታዬ፣ የእናትህ አምላክ ካለህበት ይድረስልህ፤ ጥላ ከለላ ይሁንህ። ኮትህን ከእንግዲህ ለማንም አላውስም። ረጅም ደብዳቤ ጻፍልኝ አልልህም። ለእናትህ ያነበብኩላቸውን ሁለት ቃል ብቻ ጻፍልኝ።

ሚስትህ
ስመኝ