ሰዓቱን ማንም አልነካውም

ለምሳሳልህ ወንድሜ፣ ለጋሼ ገሪማ፤

ከእህትህ ከየትምወርቅ የተነሳው ሰላምታ አሶሳ ድረስ ሳይቀዘቅዝ ይድረስህ። እንዴት ነህ? ሳሉ ለቀቀህ ወይ? ባለፈው በስልክ ስታስል እማዬ ሰምታ «ይሄ የአቧራ ሳል ነው ወይስ የብርድ?» እያለች ስትጠይቀኝ ሰነበተች፤ እኔም ሐኪም ይመስል «የአቧራ ነው» ብያታለሁ። ውዳሴስ እንዴት ናት? እግሯን ያማት የነበረው ተሻላት? ልጆቹስ? ትንሿ መራመድ ጀመረች ወይስ አሁንም በቂጧ ነው የምትሄደው? እንኳን ለነቢያት ጾም በሰላም አደረሳችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቴን ትላለች፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግን አይታወቃትም።

በስልክ ያልነገርኩህ ነገር ስላለ ነው የምጽፍልህ። ታውቀኛለህ፣ ስልክ ስይዝ አፌ ይተሳሰራል፤ «ሁሉም ደህና ነው» ብዬ እዘጋዋለሁ። ሁሉም ደህና አልነበረም። ከወር በላይ ሆነኝ፣ እህል በወጉ አልወርድ ብሎኛል። አትደንግጥ፣ የጤና አይደለም፣ የሞት ወሬም አይደለም። የሥራ ነገር ነው፣ ሥራ ከተባለ። ጋሽ አህመድ ሥራ አይሉትም።

ጋሽ አህመድ አሁንም ዲላ መናኸሪያው አጠገብ ያችኑ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤታቸውን ይዘዋል፣ እኔም አሁንም እዚያው ነኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሐፍ ሊያባዙ ሲመጡ ማሽኑ ያኘከውንና ያጠቆረውን ወረቀት እየሰበሰብኩ ሳነብ «የትምወርቅ፣ ቆሻሻው እንኳ አንቺን ይፈራል» ይሉኝ እንደነበር ታስታውስ ይሆናል። የኮምፒውተር ቋንቋ የለቀምኩት ከዚያ ከተጨማደደ ወረቀት ነው። መጀመሪያው የሌለው፣ መጨረሻው የተቀደደ ትምህርት ነበር። የጎደለውን እየሞከርኩ፣ ኮምፒውተሩም እምቢ እያለኝ ሞላሁት።

ቋንቋው ቲምበር ይባላል። ሰው ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጽፍበት ነው። ባለቤት የለውም፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተሰባስበው የሠሩት ነው፣ ውስጡም ለሚያነብ ሁሉ ክፍት ነው። እንከን ያየ ሰው የሚጽፍበት ቦታ በኢንተርኔት አላቸው። ማረም የሚችልም አርሞ ይልካል፤ እነሱ መርምረው ደህና ከሆነ ያስገቡታል፣ ከዚያ በቋንቋው ለሚሠራ ሁሉ ይደርሳል። ለዚህ የሚከፈለው ሰው የለም። ለጋሽ አህመድ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ይሄ ደቦ ነው እንጂ ሥራ ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ደቦ ነው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። የአክስታችን ልጅ በፍቃዱ ባንኮ ጎቲቲ ካሉት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ባንዱ ኃላፊ ሆኗል። የቡናው እሸት ከተፈለፈለ በኋላ በፍሬው ላይ ያለው የሚያዳልጥ ልጋግ እስኪለቅ ገንዳ ውስጥ ተኝቶ ይብላላል፤ ሲደርስ ውሃ ይለቀቅበትና ይታጠባል። ካለፈበት ይሸታል። ገንዳ ከሸተተ የስንት ገበሬ ልፋት ገደል ይገባል፣ መጀመሪያ የሚጠየቀውም በፍቃዱ ነው። ገንዳዎቹ በዝተው የትኛው መቼ እንደሞላ ስለተምታታበት፣ ለያንዳንዱ ሰዓቱን ጠብቆ የሚደውል ፕሮግራም በቲምበር ሠራሁለት። በጣቢያው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫንነው።

እሸት መግባት በጀመረ ሰሞን ደወሉ ዝም አለ። ደግነቱ በፍቃዱ እጁን ገንዳ ውስጥ መክተት የማይተው ሰው ነው፤ ፍሬውን አሽቶ ሲያየው ደርሷል፣ ትንሽ ቢቆይ አልቆለት ነበር። ደወሉ የጮኸው ቡናው ታጥቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ከተሰጣ በኋላ ነው። በስልክ ጠርቶኝ «የትሜ፣ ደወልሽ እንደኛ ዘበኛ ነው እኮ፤ ሌባው ከሄደ በኋላ ይጮሃል» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እሱ ባይነካካው ኖሮ ምን ይውጠን ነበር እያልኩ ነው ያደርኩት።

የራሴን ጽሑፍ ደጋግሜ አየሁት፣ ስህተት አጣሁበት። በመጨረሻ ጥርጣሬዬ ወደ ቋንቋው ዞረ፤ ቲምበር ይህን ያህል ቆይ ሲባል አንዳንዴ ስድስት ሰዓት አስበልጦ ይቆያል። መዝገበ ቃላት ይዤ ለቲምበር ሰዎች በእንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው። መልሱ ሲመጣ «ውድ ዘነበ» ይላል። ለእነሱ የአባት ስም ዋናው ስም ነው መሰል፤ አባባ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ከስንት ዓመት በኋላ ከባሕር ማዶ ደብዳቤ ይጻፍለት ጀመር። ለእማዬ ስነግራት ቆጣ ብላ «ደግሞ ምን አሉት?» አለችኝ።

ያሉትማ «እኛ ጋ ብንሞክረው አይታይም፤ ፕሮግራሙ እየጠበቀ ሳለ የኮምፒውተሩን ሰዓት የነካው ሰው ነበር ወይ?» ነው። እኔም ሳላመነታ «ሰዓቱን ማንም አልነካውም» ብዬ መለስኩ። እነሱም ቃሌን አምነው ጥቂት ቀን ደከሙ፤ ከዚያ ምክንያቱ አልተገኘም ብለው ጉዳዩን ዘጉት። እሸቱ ደግሞ እየበዛ ነው፣ በፍቃዱም ቀን ከሌት ገንዳ ለገንዳ መዞር ጀመረ።

ባለፈው ሳምንት በዓይኔ ልየው ብዬ ከጋሽ አህመድ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ጣቢያው መጣሁ። እዚህ ኤልቤቴል የምትባል ጸሐፊ አለች፤ እሸቱን መዝና ተቀብላ ደረሰኝ ከኮምፒውተሩ አውጥታ ትሰጣለች። የዚሁ የገደብ ወረዳ ልጅ ናት፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ትዘምራለች፣ ሥራ ላይም ማንጎራጎር አይለያትም። የቀኑን ሪፖርት ለመላክ የኢንተርኔት ዶንግሏን ሰካች። ኢንተርኔት ሲገባ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን በራሱ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለሰው። ልካ ስትጨርስ፣ ዜማዋን እንኳ ሳታቋርጥ፣ ሰዓቱን በስድስት ወደ ኋላ አዞረችው። ክው ብዬ «ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት። «ሰዓቱን ነዋ! ይሄ ኮምፒውተር ኢንተርኔት በሸተተው ቁጥር ይሳሳታል፤ እኔ ነኝ የማቀናው» አለች። አለዚያ ገበሬው ደረሰኙን አይቀበላትም። አቶ እንድርያስ የሚባሉ ሽማግሌ አንድ ቀን «ልጄ፣ እኔ ያመጣሁት ማታ አንድ ሰዓት ነው፣ ይሄ ሰባት ይላል። በሰባት ሰዓት እኔ ገና ዛፍ ላይ ነበርኩ። የማንን ቡና ነው የሰጠሽኝ?» ብለው ሰው ሁሉ ፊት አፋጠዋታል።

ጋሼ፣ እኔም እኮ የሱቁን ኮምፒውተር ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት እንደዚያው ሳደርግ ኖሬያለሁ! መስኮት እንደ መክፈት ነው፣ እጄ ለምዶታል። ሰዓቱ ተነክቷል ወይ ሲሉኝ በሐሳቤ የመጣው የሚያበላሽ ሰው ነው፤ የምታስተካክለው ልጅ አልመጣችልኝም፣ እኔው ራሴም አልመጣሁልኝም። ገንዳው የተመዘገበው ሰዓቱ ፈረንጅ ሳለ ከሆነ፣ ስድስት ወደ ኋላ ሲዞር ደወሉም ስድስት ሰዓት ይገፋል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የኛ እንጂ የቋንቋው አይደለም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ግን የቲምበርን ውስጥ ገልጬ ሳነብ፣ መጠበቂያው የሚቆጥረው ሰው ሊያዞረው በሚችለው ሰዓት ሆኖ አገኘሁት። ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ ከተከፈተ ጀምሮ ዝም ብሎ የሚቆጥር፣ የሰው እጅ የማይደርስበት ሌላ ቆጣሪ አለ። ሲጠብቅ ማየት የነበረበት ያኛውን ነው። ሰዓት ስለዞረ ቡናው ገንዳ ውስጥ መብላላቱን አያቆምም፤ ጠባቂውም መዘግየት አይገባውም። ጥቂት መስመር ቀየርኩ። ቀላል ነበር፣ ያስፈራኝም ቀላልነቱ ነው።

መላኩ ግን አልሆንልኝ አለ። እርማቱን ለመላክ መጀመሪያ የነገርኳችሁ እውነት አልነበረም ብዬ መጀመር አለብኝ። ሰዎቹ ከሥራ መልስ በዕረፍታቸው ነው በኔ ቃል የደከሙት። ደግሞ ፊታቸውን እንኳ የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ በሚሠሩበት ነገር እኔ እጄን ልክተት? ብሳሳትስ? የማላውቀው ሰው ደወል በኔ ምክንያት ዝም ቢልስ? ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ በዚህ ኮምፒውተር ብቻ አርሜ ብተወው ለበፍቃዱ ይበቃዋል። ግን እዚያ የኔ ቃል ተጽፎ ጉዳዩ ተዘግቷል። እንደኔ የጨነቀው ሌላ ሰው ቢመጣ የሚያነበው «ማንም አልነካውም» የሚለውን ነው፤ አንብቦም ይመለሳል።

አሁን የምጽፍልህ እዚሁ ጣቢያ፣ ሚዛኑ ክፍል ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ከትናንት በስቲያ ማታ የሞላ ገንዳ አለ። በታረመው ቋንቋ እንዲጠብቅ አድርጌ፣ ዛሬ ጠዋት ሰዓቱን በገዛ እጄ በስድስት ወደ ኋላ አዞርኩት። ቀን በዘጠኝ ሰዓት መጮህ አለበት። ካልጮኸ እርማቴ ከንቱ ነው። በፍቃዱን «በኔ እንዳትተማመን፣ እጅህን ከገንዳው እንዳታወጣ» ብዬዋለሁ። እሱ ግን ባለፈ ባገደመ ቁጥር አንገቱን በበሩ አስገብቶ «ሙሽራው ዘገየ እንዴ?» ይለኛል። ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እዚህ ላይ ሳለሁ በፍቃዱ ጠራኝና ወጣሁ። አሁን ተመልሼ ነው የምቀጥልልህ።

ሰሞኑን ፀሐዩ በርትቶ ነበር፣ ቡናው ካሰብነው ቀድሞ ደረሰ። ፍሬውን በመዳፉ አሽቶ አሳየኝ፤ ልጋጉ ለቆ እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሠራተኞቹ መጥረጊያ እንጨታቸውን ይዘው ቆመዋል። በፍቃዱ በዚህ ጊዜ አልቀለደም፤ «የትሜ፣ ውሃውን ልልቀቀው ወይስ ደወሉን ልጠብቅልሽ?» አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ትንሽ ብቻ ጠብቁልኝ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «ልቀቀው» አልኩት።

ውሃው ሲለቀቅ ሰው ሁሉ ወደ ቦዩ ሄደ። እኔ ተመልሼ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ አልኩ፤ የማያስፈልገውን ደወል የምጠብቅ እኔ ብቻ። ጮኸ፣ ጋሼ! በዘጠኝ ሰዓት ጮኸ። በድሮው አካሄድ ቢሆን ማታ በሦስት ሰዓት ነበር። በፍቃዱ እግሩን ውሃ ውስጥ እንደከተተ «እንደምን አደርሽ በሏት!» ብሎ ተጣራ፣ ሠራተኞቹም ሳቁ። ዛሬ እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬም መጣ።

ለኤልቤቴል ነገ ዲላ ስገባ እልከዋለሁ አልኳት። ነገ ያልኩት መቼ እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። እሷ ግን «ኢንተርኔቱ እዚሁ እያለ ለነገ ምን ያስቀጥርሻል?» ብላ ዶንግሏን ሰካችው። ስለዚህ ጻፍኩት። «የነገርኳችሁ ትክክል አልነበረም፤ ሰዓቱ በየቀኑ ይዞራል፤ በአገራችን ቀን የሚቆጠረው ከንጋት ስለሆነ ነው፤ እኔም አዞራለሁ» ብዬ ጀመርኩ። እርማቱን ከሥሩ አያይዤ ላክሁት። ስልከው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

መልስ ገና የለም። ይስቁብኝ ይሆናል፣ እርማቱንም ይመልሱት ይሆናል። ብቻ ሁለተኛው ገንዳ በታረመው ቋንቋ እየተጠበቀ ነው። ኢንተርኔቱ ስለገባ ሰዓቱ ደግሞ ዘልሎ ወደ ፈረንጅ ሄዷል፤ ውጭ አቶ እንድርያስ እሸታቸውን አውርደው ቆመዋል። ኤልቤቴል እያንጎራጎረች እጇን ሰደደችና መሃል ላይ ቆም ብላ «ልተወው እንዴ?» አለችኝ።

«አዙሪው» አልኳት።

ውዳሴን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ፤ እግሯን ቸል እንዳትል። ልጆቹን አንድ በአንድ፣ ትንሿን ደግሞ ሁለቴ ሳምልኝ። እማዬ ከነሳልህ ስማሃለች፣ አንገትህን ሸፍነህ ውጣ ብላለች። በፍቃዱ እጁ ርጥብ ስለሆነ መጻፍ አልቻለም እንጂ ሰላም ብሎሃል። ጋሽ አህመድም ሰላም ብለዋል። አምላክ በጤና ያገናኘን።

እህትህ የትምወርቅ ዘነበ

ባንኮ ጎቲቲ፣ ኅዳር 19 ቀን 2006 ዓ.ም.