ገመድ ለሌላት ካሜራ የገመድ ርዝመት ለጠየቁኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
ቢቸና

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እግርዎን ያጽናልዎት፤ ዓይንዎን ይጠብቅልዎት፤ የሚወዱት ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ በደኅና የሚመለስ ይሁንልዎት። የእርስዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም ያልጻፍሁት ከአክብሮት ብዛት ነው፤ ቢሮዎና ቤቴ አጥር ለአጥር ስለሆኑ ደብዳቤው አይጠፋም።

እኔ መምህር ሣህለ ማርያም ፈረደ እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ገበያው አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ወይዘሮ ዘሪቱ ነገር መርሳት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ ጨው የት እንዳስቀመጠች፣ ቀጥሎ የልጃችንን ስም፣ በመጨረሻም የምትኖርበትን ቤት ረሳች። ያልረሳችው ሞጣ ያለውን የአባቷን ቤት ብቻ ነው። ቀን ቀን እኔ ሱቅ ስውል የግቢውን በር ከፍታ ወደዚያ ለመሄድ ትነሣለች። አንድ ጊዜ ብቆልፍባት ቆርቆሮውን በእጇ ስትደበድብ ውላ፣ ስመለስ መዳፏ ደምቶ «ምን አጥፍቼ ነው ያሰራችሁኝ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቆልፌ አላውቅም።

ስለዚህ በሩ ላይ ካሜራ ለመስቀል አሰብሁ። ለእርስዎ ያለኝ ምስጋናም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፣ ከቤቱ እስከ በሩ ሠላሳ ሁለት ሜትር የመብራት ገመድ ለመዘርጋት ፈቃድ ስጠይቅ፣ ሰባት ወር ሙሉ «ነገ ይምጡ» እያሉ ስላመላለሱኝ አመሰግናለሁ፤ በእኔ ዕድሜ የእግር ጉዞ ለጤና ጥሩ ነው ይባላል። በስምንተኛው ወር «ቆጣሪው የተሰጠው ለቤት እንጂ ለበር አይደለም» የሚል መልስ በማኅተም አስደግፈው ስለሰጡኝም እንዲሁ።

ሞጣ የምትኖረው ልጄ ሰርካለም ይህን ስትሰማ «አባዬ፣ ተዋቸው፤ ገመድ የማትፈልግ አለች» ብላ አንዲት ካሜራ ይዛልኝ መጣች። መዳፍ የምታህል ሶላር አላት፤ ባትሪዋን ከፀሐይ ትሞላለች። ሆዷ ውስጥ ሲም ካርድ ይገባል፤ ከፊቷ ሰው ሲንቀሳቀስ ፎቶ አንሥታ ወደ ስልኬ ትልካለች። በበሩ ምሰሶ ላይ በአራት ብሎን አሰርናት። ክቡር ሆይ፣ እነዚያ ዐሥራ አንድ ቀናት ከዓይኔ አይጠፉም። ሦስት ጊዜ ስልኬ ጮኸ፤ ሦስቱንም ጊዜ ዘሪቱን ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማ አየኋት፤ ወዲያው ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ፈንታነሽ ደወልሁ። ፈንታነሽም እየሮጠች ወጥታ «ዘርዬ፣ ምሳ ሳትበዪ ወዴት ነው?» ብላ ክንዷን ይዛ መለሰችልኝ።

ሁለተኛ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን መሰላል የያዙ ሁለት ሠራተኞች ልከው ካሜራዋን ስላስወረዱልኝ አመሰግናለሁ። ጥፋቷ የመሥሪያ ቤቱን አጥር ጥግ ማየቷ ነበር። «አሁኑኑ ላዙራት» ብዬ ለመንሁ። ከሁለቱ ታላቅ የሆኑት አቶ እንዳለው በትሕትና «ፈቃድ ሲያወጡ ያዞሯታል፣ መምህር» አሉኝና ይዘዋት ሄዱ። ቅጹን ሞላሁ። ቅጹ የገመዱን ርዝመት በሜትር ይጠይቃል። «ገመድ የላትም» ብዬ ጻፍሁ፤ አልተሟላም ተብሎ ተመለሰ። «ዜሮ» ብዬ ጻፍሁ፤ ዜሮ ሜትር የሚባል ገመድ የለም ተብሎ ተመለሰ። እርስዎ ዘንድ ስገባ «ቅጹን እኔ አላወጣሁት፣ አባቴ» አሉኝ። እግርዎ ላይ ልወድቅ ቃጥቶኝ ነበር፤ ጸሐፊዎ ስታየኝ አፈርሁ።

ከዚያ በኋላ ሱቄን በየሰዓቱ እየዘጋሁ ወደ ቤት መሮጥ ሥራዬ ሆነ። በሩ ላይ ቃጭል አሰርሁ፤ ፈትታ ጡቷ ሥር ሸሸገችው። ፈንታነሽም የራሷ ቤት አላት፤ ውላ አትጠብቅልኝም።

ሦስተኛውን እንዴት ብዬ በቁጥር እንደምጽፈው አላውቅም። ኅዳር 19 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። የካሜራዋ ድምፅ ነበር። ራርተው መልሰው የሰቀሉልኝ መስሎኝ ፈጥኜ ከፈትሁት። ፎቶው ላይ መጋረጃ፣ ጠረጴዛና ወንበር ይታያል። ኮትዎ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እርስዎ የሉም። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ጠረጴዛዎን ትወለውላለች። ለካ ካሜራዋን ከመጋዘን አውጥተው መስኮትዎ ላይ አስቀምጠዋት ኖሯል፤ ፀሐይ ስታገኝ ሥራዋን ቀጠለች። እኔ የእርስዎን ኮት በማይበት በዚያው ቀትር ዘሪቱ በሩን ከፍታ ወጣች።

ለምሳ ስገባ በሩ ተበርግዷል። መናኸሪያ ሮጥሁ። አንድ የመኪና ረዳት «ሞጣ አባቴ ዘንድ ነው የምሄደው ያሉ እናት አሳፍረን ነበር፤ ግንደወይን ስንደርስ ‹ቤቴ ይኸው› ብለው ወረዱ» አለኝ። አባቷ ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ከሰርካለም ጋር ሁለት ቀን በግንደወይን ዙሪያ ማሳ ለማሳ ስሟን እየጠራን ዞርን፤ ስሟን ታስታውስ እንደሆን እንኳ ሳናውቅ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይነሽ የምትባል ሴት እርሻዋ ዳር ካለ ቦይ ውስጥ ወድቃ አገኘቻት። እኛ እስክንደርስ ጋቢዋን አልብሳ፣ ራሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችልን። የዳሌ አጥንቷ ተሰብሯል። ሐኪሙ ከእንግዲህ አትራመድም አለን።

አሁን ቤት ተኝታለች። አንዳንዴ «በሩ ክፍት ነው?» ትለኛለች። «ክፍት ነው» እላታለሁ። ደስ ይላታል።

ክቡር ሆይ፣ ባለፈው ሰኞ የካሜራዋ ፈቃድ ደረሰኝ። ሦስት ማኅተም አለበት፤ አንዱም አልደበዘዘም። ስለ ጥራቱ አመሰግናለሁ። የቸገረኝ ነገር ቢኖር በሩ ላይ የምጠብቀው ሰው ማጣቴ ብቻ ነው።

በሥራ ብዛት መካከል ይህን ሲያነቡ ለሚያጠፉት ጊዜ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎን ከኮትዎ ጋር ያጽናልዎት እላለሁ።

ደጅዎን ሲጠና የከረመው ጎረቤትዎ
መምህር ሣህለ ማርያም ፈረደ
ጥር 2010 ዓ.ም.

ከፊርማው በኋላ የታከለ፦ ካሜራዋን ልወስድ አልመጣም። እናትዎ ሞጣ እንደሚኖሩና ዕድሜያቸው እንደገፋ ሰምቻለሁ፤ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ምናልባት አንድ ቀን የገዛ ቤታቸውን የረሱ እንደሆነ፣ መስኮትዎ ላይ ያለችውን ይውሰዱላቸው። ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግዎትም፤ እኔ ፈቅጃለሁ።